አራት ሳምንት፦ የሰርቨር መዝገቦችን በቀጠሮ የማፈራረቅ ታሪክ



ለዛሬው ገለጻ የመረጥሁት ርዕስ ለታሪክ ሰው እንግዳ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ነገሥታትን፣ ጦርነቶችንና የንግድ መንገዶችን ለጊዜው ትቼ፣ ሰርቨር የምንለው ኮምፒዩተር በየደቂቃው ስለሚጽፈው መዝገብ እናገራለሁ። ይህ መዝገብ በምን ቀጠሮ ይዘጋል? በምን ቀጠሮ በአዲስ ይተካል? መቼስ ይደመሰሳል? ይህን ቀጠሮ ማን አወጣው? ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው።

የታሪክ ጸሐፊ የሚኖረው ከጥፋት በተረፈው ነው። በብራና ዘመን የሚተርፈውን የሚወስኑት እሳት፣ ምስጥ፣ ዝርፊያና የጠባቂዎች ትጋት ነበሩ። በእኛ ዘመን የመሥሪያ ቤቶች ሥራ አብዛኛው በቅድሚያ የሚመዘገበው በማሽን ነው፤ ከዚያ ውስጥ የሚተርፈውን የሚወስነው ደግሞ በአንድ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የተጻፈ አጭር መስመር ነው። የዛሬው ሐሳቤ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ይህ ቀጠሮ የተወለደው ከዲስክ ጥበት ነው፤ ዲስኩ ሰፋ፣ ቀጠሮው ግን እንደ ነበረ ቀረ፤ ስለዚህም የአንድ ተቋም ትውስታ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነው፣ ብዙ ጊዜ በተቋሙ ውስጥ ማንም ያልመከረበት ቁጥር ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። የውጭውን ታሪክ ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የሀገራችንን አዋጆች ግን በታወቁበት ቁጥር እጠራቸዋለሁ።

የሁለት ቃላት ታሪክ

ባለሙያዎቻችን «ሎግ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ትርጉሙ ግንድ ነው። የጥንት መርከበኞች የመርከባቸውን ፍጥነት ለማወቅ በገመድ የታሰረ የእንጨት ቁራጭ ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር። ገመዱ በእኩል ርቀት የተቋጠረ ስለ ነበር፣ የአሸዋው ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ በእጃቸው መካከል ያለፉትን ቋጠሮዎች ይቆጥሩና በደብተር ያሰፍሩታል። ደብተሩም ከእንጨቱ ስሙን ወረሰ። የመርከበኛው ሎግ ዋና አገልግሎቱ ለአሁን ነው፤ መርከቡ የት እንደ ደረሰና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያሳውቃል።

እኛ የምንጠቀምበት «መዝገብ» ግን ከሌላ ቤት የመጣ ቃል ነው። በግእዝ መዝገብ ማለት ሀብት የሚከማችበት ግምጃ ቤት፣ እንዲሁም የተከማቸው ሀብት ራሱ ነው። መዝገብ ለነገ የሚቀመጥ ነው። የሰርቨር መዝገብ እነዚህን ሁለቱንም ጠባዮች ይዟል፤ ለዛሬው ችግር መላ መፈለጊያ ነው፤ ነገ ለሚነሣ ጥያቄም ማስረጃ ነው። የምተርክላችሁ ታሪክ በአመዛኙ የእነዚህ የሁለት ጠባዮች ትግል ነው።

ጠባብ ዲስክ፣ ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ

ሰርቨር ተጠቃሚ ሲገባ፣ ደብዳቤ ሲላክ፣ ገጽ ሲጠየቅ፣ ዲስክ ሲሳሳት አንድ መስመር ይጽፋል። አዲሱ መስመር ሁልጊዜ በፋይሉ መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። ፋይሉ በራሱ የሚያበቃበት ቦታ ስለሌለው ዲስኩ እስኪሞላ ያድጋል። ዲስኩ ሲሞላ የሚቆመው መዝገቡ ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤ መቀበል ይቆማል፣ የመረጃ ቋቱ መጻፍ ያቅተዋል፣ አገልግሎቱ ሁሉ ይዘጋል። የሚሠራውን ሁሉ የሚጽፍ ማሽን በገዛ ጽሑፉ ታንቆ ይቆማል ማለት ነው።

ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ሲያድግ ይህ አደጋ የዕለት ጉዳይ ነበር። ሥርዓቱ በሚሠራባቸው ፒዲፒ-11 በተባሉት ማሽኖች ላይ ይገጠም የነበረው አርኬ05 የተባለው ዲስክ የሚይዘው 2.5 ሜጋባይት ያህል ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ጥበት የትናንትን መዝገብ ማቆየት የዛሬን ሥራ ቦታ መንሣት ነበር።

በ1979 የወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ክሮን የሚባል ፕሮግራም ይዞ መጣ። ስሙ ጊዜ ከሚለው የግሪክ ቃል ከክሮኖስ ጋር የተዛመደ ነው። ክሮን በየደቂቃው ይነቃል፤ አንድ ሠንጠረዥ ያነብባል። በሠንጠረዡ እያንዳንዱ መስመር ላይ አምስት የጊዜ ምልክቶች አሉ፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። ከእነርሱ ቀጥሎ ትእዛዝ ይጻፋል። አምስቱ ምልክቶች ከአሁኑ ሰዓት ጋር ሲገጥሙ ትእዛዙ ይፈጸማል። መጀመሪያ ሠንጠረዡ ለማሽኑ ሁሉ አንድ ብቻ ነበር፤ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱ ሆነ። በ1987 ፖል ቪክሲ ያዘጋጀው ክሮን በብዙ ሥርዓቶች ተሠራጭቶ፣ የአጻጻፍ ሥርዓቱ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሰው በሌለበት ሰዓት የሚሠራ ታማኝ ዘበኛ ከተገኘ በኋላ፣ የማሽን አስተዳዳሪዎች መዝገብ የሚያጸዱ ትንንሽ የትእዛዝ ጽሑፎችን አዘጋጁለት። ዘዴው ቀላል ነው። «መልእክት» የተባለው ፋይል ስሙ «መልእክት.0» ይባላል፤ ቀድሞ 0 የነበረው 1፣ 1 የነበረው 2 ይሆናል፤ የመጨረሻው ይደመሰሳል። በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩ ሰዎችን አስቡ፤ አዲስ ሰው በአንዱ ጫፍ ሲቀመጥ ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ይጠጋሉ፤ በሌላው ጫፍ ያለው ይወድቃል። ፋይሎቹ እንደ ወቅቶች እየተተካኩ ስለሚሄዱ ይህን ሥራ ማፈራረቅ ብዬዋለሁ።

የስልክ መዘጋት ምልክት

ነገሩ ግን ስም በመለወጥ ብቻ አያልቅም። በዩኒክስ ዘንድ ፋይልና የፋይል ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት የሚይዘው ፋይሉን ራሱን ነው፤ ስሙን አይደለም። ስለዚህ ስሙ ቢለወጥ ፕሮግራሙ ምንም ሳይሰማው በአሮጌው ፋይል ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ፋይሉ ቢደመሰስ እንኳ የሚጠፋው ስሙ ነው፤ ፕሮግራሙ ፋይሉን እስኪዘጋው ድረስ የተያዘው ቦታ አይለቀቅም። ዲስክ ሞልቶ፣ የሞላው ነገር ግን በዓይን የማይታይበት ምስጢር ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

መፍትሔው ለፕሮግራሙ «የያዝኸውን ዝጋ፣ በስሙ ፈልገህ አዲሱን ክፈት» ብሎ መንገር ነው። ለዚህ የተመረጠው ምልክት የራሱ ታሪክ አለው። ቁጥሩ 1 የሆነውና ሃፕ የተባለው ምልክት መነሻው የስልክ መስመር መዘጋት ነው፤ ተጠቃሚው ከማሽኑ ጋር የተገናኘበት መስመር ሲቋረጥ ፕሮግራሙ ባለቤቱ እንደ ሄደ የሚያውቀው በዚህ ነበር። ከጀርባ ሆነው የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ግን የሚዘጋ መስመር የላቸውም። ስለዚህ ምልክቱ ለእነርሱ ሥራ ፈት ነበር፤ ሥራ ፈት የሆነውም ምልክት ሌላ ሥራ ተሰጠው፦ ማዋቀሪያህን እንደ ገና አንብብ፣ ፋይሎችህን እንደ ገና ክፈት። አንድ ቃል የመጀመሪያ ትርጉሙ ሲሞት በሌላ ትርጉም እንደሚኖር ሁሉ፣ የመለያየት ምልክት አዲስ ገጽ የመግለጫ ምልክት ሆነ።

ይህን ምልክት የማይሰሙ ፕሮግራሞች ስላሉ ሌላ ዘዴ ተፈጠረ፤ መዝገቡን ቀድቶ ዋናውን ባዶ ማድረግ። በመቅዳቱና በባዶ ማድረጉ መካከል ግን ቅጽበት አለ፤ በዚያች ቅጽበት የተጻፈው መስመር በቅጂውም በዋናውም ላይ ላይገኝ ይችላል። የሎግሮቴት መመሪያ ራሱ ይህን በግልጽ ያስጠነቅቃል። ለአብዛኛው ሥራ ጉዳቱ ኢምንት ነው። በፍርድ ቤት ለሚቀርብ መዝገብ ግን በሁለት ደብተሮች መካከል የወደቀ አንድ ገጽ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል።

ዓመት የሌለው ቀን

በ1980ዎቹ ኤሪክ ኦልማን በካሊፎርኒያ በበርክሌይ፣ ሴንድሜይል ለተባለው የደብዳቤ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ሲል ሲስሎግን ጻፈ። ሲስሎግ የብዙ ፕሮግራሞችን መልእክት በአንድ ቦታ የሚቀበል፣ በምንጩና በክብደቱ የሚለይ፣ አስፈላጊም ሲሆን ወደ ሌላ ማሽን የሚልክ አገልግሎት ነው። የክብደት ደረጃዎቹ ስምንት ናቸው፤ ከ0 እስከ 7፣ ከታላቅ አደጋ እስከ ተራ ዝርዝር። ለአንድ ፕሮግራም የተሠራው ነገር የሁሉም ልማድ ሆነ። ልማዱ በአርኤፍሲ 3164 በጽሑፍ የሰፈረው ግን በነሐሴ 2001 ነው፤ ሰነዱም አዲስ ሕግ ከማውጣት ይልቅ በሥራ ላይ ያለውን ገለጸ።

በዚያ ሰነድ ውስጥ የታሪክ ሰው ዓይን የሚያርፍበት አንድ ነገር አለ። የእያንዳንዱ መስመር ጊዜ የሚጻፈው በወር፣ በቀን፣ በሰዓት፣ በደቂቃና በሰከንድ ነው። ዓመት የለም። የሰዓት ክልልም የለም። እኔ ይህን የማነብበው እንደሚከተለው ነው፦ ዓመቱን የማይጽፍ መዝገብ ጸሐፊ፣ ጽሑፉ በሚመጣው ዓመት ይነበባል ብሎ አላሰበም። የመርከበኛው ሎግ ጠባይ እዚህ ላይ የግምጃ ቤቱን ጠባይ አሸንፏል።

የእኛን የብራና ጽሑፎች የምታጠኑ ችግሩን በሌላ መልኩ ታውቁታላችሁ። ጸሐፊው «በዘመነ ሉቃስ» ብሎ ብቻ ያለፈው ማስታወሻ፣ ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለሱ፣ ዓመቱ የትኛው እንደ ሆነ አይነግረንም። የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም፣ ካልሆነም የእጁን ጽሕፈት መመርመር ግድ ይሆናል። የሰርቨር መዝገብ መርማሪም እንደዚሁ ዓመቱን ከፋይሉ ስም ወይም ፋይሉ መጨረሻ ከተጻፈበት ቀን ይፈልጋል። በመጋቢት 2009 የወጣው አርኤፍሲ 5424 ዓመቱንና የሰዓት ክልሉን ሙሉ አድርጎ ደነገገ፤ አሮጌው አጻጻፍ ግን ዛሬም በብዙ ማሽኖች ላይ አለ።

አራት የሚለው ቁጥር

ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን የማፈራረቂያ ጽሑፍ ይጽፍ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በኤምአይቲ በአቴና ፕሮጀክት ቴዎዶር ጾ ኒውሲስሎግ የተባለውን ፕሮግራም አዘጋጀ፤ ፕሮግራሙም ወደ ቢኤስዲ ሥርዓቶች ገባ። አስተዳዳሪው ከእንግዲህ የሚጽፈው ሠንጠረዥ ብቻ ሆነ፤ የትኛው ፋይል፣ ስንት ቅጂ፣ በምን መጠን ወይም በየስንት ጊዜ። በሊኑክስ ዓለም ደግሞ በሬድ ሃት ኩባንያ ኤሪክ ትሮንና ፕሬስተን ብራውን ሎግሮቴትን ጻፉ፤ የቅጂ መብት ማስታወቂያው ከ1995 ይጀምራል።

ሎግሮቴት ራሱ ሰዓት አይጠብቅም። በተለመደው አሠራር ሌላ ቀጠሮ ጠባቂ በቀን አንድ ጊዜ ይቀሰቅሰዋል። ሲነቃ ማዋቀሪያውን ያነብባል፣ እያንዳንዱን መዝገብ መጨረሻ ያፈራረቀበትን ቀን ከማስታወሻ ፋይሉ ያያል፣ ጊዜው የደረሰውን ያፈራርቃል፣ ከታዘዘም ጨምቆ ያስቀምጣል። ከፕሮግራሙ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ዋና ማዋቀሪያ ለብዙ ዓመታት የሚለው በየሳምንቱ አፈራርቅ፣ አራት አሮጌ ቅጂ አስቀር ነው። ከቁጥሩ በላይ ያለችው አጭር ማስታወሻ የአራት ሳምንት መዝገብ እንደሚቀመጥ ትናገራለች፤ ለምን አራት እንደ ሆነ አትናገርም። በሥራ ላይ ያለውን ፋይል ስንጨምር፣ የማሽኑ ትውስታ ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ይደርሳል።

ቁጥሩን ያወጡትን አልወቅስም። ፕሮግራሙን ሲጽፉ የሚያስቡት ዲስክ እንዳይሞላ ነበር፤ ለዚያም አራት ሳምንት በቂ ነው፤ የፈለገ ሁሉ እንዲለውጠውም ክፍት አድርገውታል። ነገር ግን ሳይነካ የሚቀር ቁጥር ሕግ ይሆናል። ፕሮግራሙ ወደ ልዩ ልዩ የሊኑክስ ሥርጭቶች ሲገባ ቁጥሩም አብሮ ተጓዘ፤ በጣም የተለያየ ሥራ ያላቸው ተቋማት አንድ ዓይነት የትውስታ ርዝመት ይዘው ተገኙ።

ሰዓቱም እንደ ቁጥሩ ተጉዟል። በቀድሞዎቹ የሬድ ሃት ሥርዓቶች የዕለቱ ሥራ የሚጀመረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ2 ደቂቃ፣ በዴቢያን ደግሞ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነበር፤ ሰው ተኝቶ ማሽኑ የሚያርፍበት ሰዓት መሆኑ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላሉ፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። እንዲህ በሆነ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ2፣ ሁለተኛው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ25 ላይ ይወድቃል። ትልልቅ ፋይሎችን መጨመቅ ማሽኑን የሚያደክም ሥራ ነው፤ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ደግሞ ቢሮዎቻችን በባለጉዳይ የተሞሉ ናቸው።

በ2011 ይፋ የሆነው የሲስተምዲ መዝገብ፣ ጆርናልዲ፣ ሌላ መንገድ ያዘ። ካልተለወጠ በቀር ከዲስኩ ክፍል 10 በመቶ፣ ቢበዛ 4 ጊጋባይት ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ አሮጌውን ይጥላል። እዚህ ላይ ትውስታ የሚለካው በጊዜ ሳይሆን በቦታ ነው። ሥራ በበዛበት ቀን መዝገቡ ቶሎ ይሞላል፣ ያለፈውም ቶሎ ይጠፋል። ጥቃት የሚደርስበት ቀን ደግሞ ብዙ የሚጻፍበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ትውስታ የሚያጥረው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ሰባ አምስት ሳንቲም

መዝገብ ከጥገና መሣሪያነት አልፎ ምስክር መሆኑን ለሕዝብ ካሳወቁት ታሪኮች አንዱ በ1986 በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የሆነው ነው። ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ተዛውሮ ሳለ፣ በማሽን አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ልዩነት እንዲያጣራ ታዘዘ። ልዩነቱ ለጥቂት ሰከንዶች በማሽኑ ከተጠቀመና ካልከፈለ ሰው የመጣ ነበር። ስቶል ፍለጋውን ሳይተው ተከተለ፤ በመጨረሻም ከምዕራብ ጀርመን ከሃኖቨር ሆኖ ወደ አሜሪካ የጦር ተቋማት ማሽኖች ይገባ የነበረ፣ የሚያገኘውንም ለሶቪየት የስለላ ድርጅት ከሚሸጥ ቡድን ጋር የተያያዘ ሰው ተገኘ።

ለእኛ ርዕስ የሚጠቅመው ስቶል የተጠቀመበት ዘዴ ነው። ሰርጎ ገቡ በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ስለ ነበረው በማሽኑ ላይ ያለውን መዝገብ ሁሉ ሊደመስስ ይችል ነበር። ስለዚህ ስቶል ወደ ላቦራቶሪው በሚገቡት መስመሮች ላይ ማተሚያዎችን ገጠመ፤ ሰውየው የሚጽፈው ሁሉ በወረቀት ታተመ። ወረቀቱን ከሩቅ ሆኖ መደምሰስ አይቻልም። በጎኑም የየቀኑን ሥራ በደብተር ይጽፍ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ መዝገብ በሚመሰክርበት ማሽን ላይ ብቻ ከተቀመጠ ዕድሜው በወንጀለኛው እጅ መሆኑን ነው። መዝገብን ወደ ሌላ ማሽን መላክ የዚያ ወረቀት የዛሬ ምትክ ነው።

416 ቀን

አራት ሳምንት ይበቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ መለኪያ የሚሆን ቁጥር የመጣው ከጥቃት መርማሪዎች ነው። ማንዲያንት የተባለው ኩባንያ በ2011 በመረመራቸው ጥቃቶች፣ ሰርጎ ገብ ከገባበት ቀን እስከ ታወቀበት ቀን ያለው መካከለኛ ጊዜ 416 ቀን ነበር። ይህን ከአራት ሳምንት ጋር አስተያዩት። ሌባው በገባ በአሥራ አራተኛው ወር ገደማ ደረሱበት፤ የበሩ መዝገብ ግን የሚያስታውሰው ያለፈውን አንድ ወር ነው። እንዴት እንደ ገባ፣ በየትኛው ቀን እንደ ገባ፣ መጀመሪያ ምን እንደ ወሰደ የሚናገረው ገጽ ከአግዳሚው ጫፍ ከወደቀ ቆይቷል። ጊዜው ከዚያ ወዲህ በጣም አጥሯል፤ በ2023 መካከለኛው 10 ቀን ደርሷል። መካከለኛ ማለት ግን ግማሹ ከዚያ ይዘገያል ማለት ነው፤ የሚዘገዩትም ብዙ ጊዜ ከባዶቹ ናቸው።

ትልልቆቹም ከዚህ ችግር አላመለጡም። በ2023 ከቻይና ጋር የተያያዘ ቡድን ከማይክሮሶፍት የተገኘ የመፈረሚያ ቁልፍ ይዞ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ደብዳቤ አነበበ። በዚያው ዓመት መስከረም ኩባንያው ባወጣው ማብራሪያ፣ በመዝገብ ማቆያ ደንቡ ምክንያት ቁልፉ መወሰዱን በቀጥታ የሚያሳይ መዝገብ እንደሌለው ገለጸ። ጥቃቱ እንደ ታወቀም ለተራ ደንበኞች የሚቆየውን የክትትል መዝገብ ከ90 ወደ 180 ቀን እንደሚያሳድግ አስታውቆ ነበር። የአሜሪካ የበጀት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ቀደም ብሎ በነሐሴ 2021 ባወጣው መመሪያ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና መዝገቦችን ለ12 ወራት በቅርብ፣ ለተጨማሪ 18 ወራት በሩቅ ማከማቻ እንዲያቆዩ አዟል። ከአራት ሳምንት ወደ ሠላሳ ወራት መዝለል ምን ያህል የአስተሳሰብ ለውጥ እንደ ሆነ አስተውሉ።

የመርሳት ግዴታ

እስካሁን የተናገርሁትን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁሉንም ለዘላለም እናስቀምጥ» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል፤ በመዝገቡ ውስጥ የተጻፉት ሰዎች ናቸውና።

የአውሮፓ ኅብረት በ2006 የስልክና የኢንተርኔት ግንኙነት መዝገቦች ከ6 ወር ባላነሰ፣ ከ2 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ እንዲቆዩ መመሪያ አወጣ። የኅብረቱ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 8 ቀን 2014 መመሪያውን ሻረው። ምክንያቱ ያለ ልዩነት የሰውን ሁሉ እንቅስቃሴ መመዝገብ በግል ሕይወት ላይ የሚያደርሰው ጣልቃ ገብነት ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑ ነበር። ያው ፍርድ ቤት ጥቅምት 19 ቀን 2016 ፓትሪክ ብራየር በጀርመን መንግሥት ላይ ባቀረበው ክስ፣ የድረ ገጽ መዝገብ ላይ የሚሰፍር ተለዋዋጭ የኢንተርኔት አድራሻ እንኳ፣ ባለቤቱን ለማወቅ የሚያስችል ሕጋዊ መንገድ እስካለ ድረስ፣ የግል መረጃ ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። ከዚያ ቀን በኋላ ተራው የሰርቨር መዝገብ ስለ ማሽን ብቻ የሚናገር ነው ማለት አልተቻለም።

በሀገራችንም ሁለቱ ግዴታዎች ተገናኝተዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የኮምፒዩተር ትራፊክ መረጃን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ በላይ ለረጅም ጊዜ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። የመጀመሪያው «አትርሳ» ይላል፤ ሁለተኛው «እርሳ» ይላል። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ማነው? በተግባር፣ የሎግሮቴትን ማዋቀሪያ የሚጽፈው ባለሙያ ነው። አራት የሚለውን ቁጥር ሳይነካ ከተወው የመጀመሪያውን ግዴታ ሊጥስ ይችላል፤ ማፈራረቁን ጨርሶ ካጠፋው ሁለተኛውን ይጥሳል፤ ዲስኩንም ይሞላል።

ማን ይወስን?

የቤተ መዛግብት ሙያ ይህን ጥያቄ ከማሽኖቹ በፊት ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ሂላሪ ጄንኪንሰን በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመዝገብ ጠባቂው ሥራ መጠበቅ እንጂ መምረጥ አይደለም፤ የሚወገደውን መዝገቡን የፈጠረው መሥሪያ ቤት ራሱ ይወስን አለ። አሜሪካዊው ቴዎዶር ሼለንበርግ በ1956 ባሳተመው ደግሞ፣ የዘመኑ መሥሪያ ቤት የሚያመርተው ወረቀት ከመጠን በላይ ስለ ሆነ ባለሙያ መዝኖ ሊመርጥ ይገባል ብሎ ተከራከረ። ሁለቱ በማይስማሙበት ብዙ ነገር መካከል የሚስማሙበት አንድ ነገር ነበር፦ ማስወገድ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔም የሚጠየቅበት ባለቤት አለው። እኛ ዘንድ የጎደለው ይህ ይመስለኛል። በየሌሊቱ የሚፈጸም ማስወገድ አለን፤ የወሰነው ሰው ግን የለም።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላሉት የማሽን ባለሙያዎችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከታሪኩ የሚወጡ አምስት ነገሮችን ልጠቁም። አንደኛ፣ መዝገቦችን በዓይነታቸው ለዩ፤ የመግቢያና መውጫ መዝገብና የፕሮግራም ዝርዝር እኩል ዕድሜ አይገባቸውም። ሁለተኛ፣ የተፈራረቀው ፋይል ከተራ ቁጥር ይልቅ ሙሉ ቀኑን በስሙ ይያዝ፤ ሎግሮቴት ይህን ይፈቅዳል፤ ዓመት ለሌለው መስመር ዓመቱን የሚመልስለት እርሱ ነው። ሦስተኛ፣ ለማስረጃ የሚፈለገው መዝገብ በተጻፈበት ቅጽበት ወደ ሌላ ማሽን ይላክ። አራተኛ፣ ቀጠሮው በእውነት መሥራቱን ፈትሹ፤ ፕሮግራሙ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ብቻ እንዲናገር ማዘዝ ይቻላል፤ የማስታወሻ ፋይሉም መጨረሻ መቼ እንደ ሠራ ይመሰክራል። አምስተኛና ዋነኛው፣ የቆይታው ጊዜ በደብዳቤ ይወሰን፤ ምክንያቱ፣ ቀኑና የወሳኙ ኃላፊ ስም ይጻፍበት፤ የማዋቀሪያው ቁጥር የዚያ ደብዳቤ ቅጂ ይሁን።

ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ ዘመናችን የሚጽፍ ሰው ብዙ ነገር ጠፍቶ ያገኛል፤ መጥፋትም አለበት፤ ሁሉ የተጠበቀበት ማኅደር ለሕያዋን እስር ቤት፣ ለተመራማሪም ጫካ ይሆናል። ያ ሰው ግን የጠፋው ለምን እንደ ጠፋ ሊጠይቅ መብት አለው። «ይህን ያህል ጠበቅን፣ ይህን አስወገድን፣ ምክንያታችንም ይህ ነበር» የሚል አንድ ገጽ ብናስቀርለት ይበቃዋል። ዛሬ በብዙ ማሽኖቻችን ላይ የሚያገኘው መልስ አራት የሚል ቁጥር ብቻ ነው።